ከማጫወቻው ጀርባ ያለው የ750 ዶላር ልዩነት

ኦፖ ዲጂታል የተባለውና መቀመጫውን በካሊፎርኒያ ያደረገው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለት የዲስክ ማጫወቻዎችን ጎን ለጎን ይሸጥ ነበር። አንደኛው ዩዲፒ 203፣ ሁለተኛው ዩዲፒ 205 ይባላሉ። የመጀመሪያው ዋጋ 549 ዶላር ሲሆን የሁለተኛው 1,299 ዶላር ነበር። ሁለቱም ሲዲ፣ ዲቪዲ፣ ብሉሬይና ኤስኤሲዲ ያጫውታሉ። በቴሌቪዥን ላይ የሚያሳዩት ምስል አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ በቶሎ የሚታወቀው ዕቃው ከመደርደሪያ ሲነሣ ነው። ርካሹ ከአምስት ኪሎ ያነሰ ሲመዝን ውዱ አሥር ኪሎ ይጠጋል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶችም ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ የ750 ዶላሩ ልዩነት ምን ላይ ዋለ? አብዛኛው የዋለው ከጀርባ ባሉት የአናሎግ ድምፅ መውጫዎችና እነሱን በሚመግበው የውስጥ ክፍል ላይ ነው። በ205 ውስጥ ኢኤስኤስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራቸው ሁለት ውድ የድምፅ ቺፖች፣ ለድምፁ ብቻ የተመደበ ከባድ ትራንስፎርመር፣ በስቱዲዮ ዕቃዎች ላይ የሚታዩት ባለ ሦስት እግር የኤክስኤልአር መውጫዎችና የጆሮ ማዳመጫ ማጉያ ይገኛሉ። ከኮምፒውተርና ከሌላ ዕቃ ዲጂታል ድምፅ ተቀብሎ የሚለውጥበት መግቢያም አለው። 203 እነዚህ የሉትም።

እንግዲህ አንድ ገዥ 1,299 ዶላሩን ከፍሎ 205ን ቤቱ ይወስድና በአንድ የኤችዲኤምአይ ገመድ ከሪሲቨሩ ጋር ያገናኘዋል እንበል። ሁለቱ ቺፖችም፣ ትራንስፎርመሩም፣ የኤክስኤልአር መውጫውም በዚያች ደቂቃ ሥራ ፈት ይሆናሉ። ድምፁ ከማጫወቻው የሚወጣው ገና በቁጥር መልክ ስለሆነ የሚያልፈው በእነሱ በኩል አይደለም። ያ ሰው የሚሰማው 549 ዶላር የከፈለው ጎረቤቱ የሚሰማውን ነው። ማንም አላታለለውም፤ የሸጠለት ሱቅ ትክክለኛ ዕቃ ነው የሸጠለት። ነገር ግን 750 ዶላሩ ዕቃው ውስጥ ተኝቶ ቀርቷል።

ቁጥሩን ወደ ድምፅ የሚለውጠው ማነው?

ሲዲ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። ለእያንዳንዱ ሰከንድ፣ ለግራና ለቀኝ ለየብቻ፣ 44,100 ልኬቶች ተመዝግበዋል፤ እያንዳንዱም ልኬት በ16 ቢት ተጽፏል። ሲባዛ በሰከንድ 1,411,200 ቢት ይመጣል። ስፒከር ግን ቁጥር አያውቅም። እሱን የሚያንቀሳቅሰው ከፍ ዝቅ የሚል የኤሌክትሪክ ሞገድ ነው። ስለዚህ በዲስኩና በስፒከሩ መካከል አንድ ቦታ ላይ ቁጥሩ ወደ ሞገድ መለወጥ አለበት። ይህን የሚሠራው ቺፕ በዙሪያው ካለው ክፍል ጋር በገበያው አነጋገር ዳክ ይባላል።

በማጫወቻ ጀርባ ያሉት ቀይና ነጭ ጃኮች አናሎግ መውጫዎች ናቸው። በእነሱ በኩል የሚወጣው ለውጡ ካለቀ በኋላ ያለው ሞገድ ነው፤ በሲዲ ማጫወቻዎች የተለመደው ከፍተኛ መጠኑም ሁለት ቮልት ነው። ዲጂታል መውጫው ደግሞ አንድም ብርቱካናማ ጃክ፣ አንድም ቀይ ብርሃን የሚታይባት አራት ማዕዘን ቀዳዳ፣ አንድም ኤችዲኤምአይ ነው። በእሱ በኩል የሚወጣው ያልተለወጠው ቁጥር ነው። ለውጡን የሚያካሂደው ከገመዱ ወዲያ ያለው ዕቃ ይሆናል።

አዲስ አበባ ውስጥ ሪሲቨር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የዲሽ መቀበያውን ነው። በሙዚቃ ዕቃ ገበያ ግን ሪሲቨር ማለት አምፕሊፋየርን፣ ሬዲዮንና ዳክን በአንድ ሣጥን ያጣመረ ዕቃ ነው። ዲጂታል መግቢያ ያለው ሪሲቨር ሁሉ የራሱ ዳክ አለው። እንግዲህ በየሱቁ የሚጠየቀው “ዲጂታሉ ይሻላል ወይስ አናሎጉ?” የሚለው ጥያቄ ሲፈታ ከማጫወቻውና ከሪሲቨሩ የተሻለ ዳክ ያለው የትኛው ነው ማለት ይሆናል። ገመዱ የሚወስነው የማን ዳክ እንዲሠራ ነው። ሁለቱም ላይ ገንዘብ ያፈሰሰ ሰው አንደኛውን በከንቱ ገዝቷል።

አንዱ ሣጥን ለሁለት ሲከፈል

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ ዓይነት ምርጫ አልነበረም። ሶኒ የመጀመሪያውን የሲዲ ማጫወቻ፣ ሲዲፒ 101ን፣ ጥቅምት 1 ቀን 1982 ጃፓን ውስጥ በ168,000 የን ለገበያ ሲያቀርብ ገዥው ማገናኘት የሚችለው በቀይና ነጩ ጃክ ብቻ ነበር። ያኔ ውዱ ዕቃ ዳኩ ራሱ ነበር። ሶኒ ለግራውና ለቀኙ አንድ ዳክ በየተራ እንዲያገለግል አድርጎ ወጪውን ቀነሰ። የሲዲ ሸሪኩ የሆላንዱ ፊሊፕስ ደግሞ በዲስኩ ላይ 16 ቢት ተጽፎ ሳለ ለመጀመሪያ ማጫወቻው 14 ቢት የሚችል ቺፕ ይዞ ቀረበ፤ የጎደለውንም ልኬቶቹን በአራት እጥፍ በማብዛት ሸፈነው። ስሌቱ ብልህ ስለነበር ውጤቱ ብዙም አላሳፈረውም።

በ1985 ሶኒ ማንበቢያውን ከዳኩ ለይቶ በሁለት ሣጥን ሸጠ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የእንግሊዙ አርካም ለማንኛውም ዲጂታል መውጫ ላለው ማጫወቻ የሚቀጠል የብቻ ዳክ ይዞ ብቅ አለ። ቁጥሩ ከሣጥን ሣጥን የሚጓዝበት ስምምነት የሶኒና የፊሊፕስን ስም አጣምሮ ኤስፒዲፍ ተባለ። ቶሺባ በ1983 ያወጣው ቶስሊንክ ደግሞ ይህንኑ ቁጥር በኤሌክትሪክ ፈንታ በቀይ ብርሃን ያሻግራል።

ለነጋዴው ይህ ትልቅ በረከት ነበር። ትናንት አንድ ዕቃ ይገዛ የነበረ ደንበኛ ዛሬ ማንበቢያ፣ ዳክና በመካከላቸው ያለውን ገመድ ይገዛል። ገመዱም የራሱ ገበያ አወጣ። ለአንድ ሜትር ዲጂታል ገመድ በመቶ የሚቆጠር ዶላር የሚጠይቁ ሱቆች ተበራከቱ።

እውነት ለመናገር ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ አንድ ትክክለኛ ችግር ነበር። በኤስፒዲፍ መስመር ቁጥሩና የቁጥሩ ሰዓት በአንድ ላይ ተጠቅልለው ነው የሚጓዙት። ዳኩ እያንዳንዱን ቁጥር መቼ መለወጥ እንዳለበት የሚያውቀው ከመስመሩ ላይ ሰዓቱን ለቅሞ ነው። ሰዓቱ ከተንቀጠቀጠ፣ ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ሞገዱ በትንሹ ይዛባል። ይህ መንቀጥቀጥ ጂተር ይባላል። በቀድሞዎቹ ዳኮች ላይ በመሣሪያ የሚለካ እውነተኛ ጉድለት ነበር። ኋላ ላይ የተሠሩት ዳኮች የመጣውን ቁጥር አጠራቅመው በራሳቸው ሰዓት ስለሚያወጡት ጉዳዩ ከመለኪያ መሣሪያ በቀር ለማንም የማይሰማ ሆኗል። በአዲሶቹ የዩኤስቢ ዳኮች ደግሞ ሰዓቱን የሚያዘው ዳኩ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲጠየቅ ይልካል። የገመድ ሻጮች ግን የ1990ውን ችግር ዛሬም ለዛሬ ዕቃ መሸጫ ያደርጉታል። ለአጭር ርቀት በትክክል የተሠራ ባለ 75 ኦም ገመድ ሥራውን ይሠራል፤ ከዚያ በላይ የሚከፈለው ለመልኩ ነው።

የተዘጋው ቀዳዳ

ዲጂታል መውጫ ከቅንጦት ወደ አስፈላጊነት የተሸጋገረው ዲቪዲ በ1996 ጃፓን ውስጥ፣ በ1997 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ገበያ ሲገባ ነው። የፊልሙ ድምፅ ለአምስት ስፒከርና ለአንድ ዉፈር ተከፋፍሎ በዶልቢ ዲጂታል ታሽጎ ይመጣል። ጥቅሉን ሳይፈታ በአንዲት ቀጭን ገመድ ወደ ሪሲቨሩ መላክ ይቻላል፤ ፈቺው ሪሲቨሩ ነው። ስድስት አናሎግ ገመድ የሚያጠላልፍበት ምክንያት ጠፋ። ማጫወቻው የቁጥር አቀባይ ብቻ ስለሆነ ዋጋውም ቁልቁል ወረደ።

ይህ በእንዲህ እንዳለ ከሲዲ የላቀ ድምፅ ይዘናል የሚሉ ሁለት ተፎካካሪ ዲስኮች መጡ። በ1999 የሶኒና የፊሊፕስ ኤስኤሲዲ፣ በ2000 ዲቪዲ ኦዲዮ ገበያ ገቡ። የሶኒ የመጀመሪያው የኤስኤሲዲ ማጫወቻ፣ ኤስሲዲ 1፣ አሜሪካ ውስጥ 5,000 ዶላር ይሸጥ ነበር። ዕቃው ከጀርባው ዲጂታል መውጫ ነበረው። ነገር ግን በዚያ መውጫ በኩል የኤስኤሲዲው ድምፅ አይወጣም! ይወጣ የነበረው የተራ ሲዲ ድምፅ ብቻ ነው።

ምክንያቱ የምሕንድስና አልነበረም ለማለት አይቻልም። የኤስኤሲዲ ቁጥር በሰከንድ 2,822,400 ጊዜ የሚለካ የአንድ ቢት ጅረት ስለሆነ ለሲዲ የተቀረጸው የኤስፒዲፍ ስምምነት አይመጥነውም። ዋናው ምክንያት ግን የዲስክ አሳታሚዎች ፍርሃት ነው። ከዲጂታል መውጫ የወጣ ቁጥር ሳይጎድል ይቀዳል፤ የቅጂውም ቅጂ ከዋናው አይለይም። በካሴት ዘመን እያንዳንዱ ቅጂ ከእናቱ ይደክም ነበር፤ ድካሙም ለአሳታሚው ጠባቂው ነበር። ዳት የተባለው ዲጂታል ካሴት በ1987 ሲመጣ ጭቅጭቁ እስከ አሜሪካ ምክር ቤት ደርሶ በ1992 ሕግ ወጣ። ሕጉ በዲጂታል መቅጃ መሣሪያዎች ውስጥ የቅጂን ቅጂ የሚከለክል መቆለፊያ እንዲገባ አስገደደ፤ በመሣሪያው ላይ 2 በመቶ፣ በባዶው ካሴትና ዲስክ ላይ 3 በመቶ ክፍያ ጣለ። ለኤስኤሲዲና ለዲቪዲ ኦዲዮ ግን አሳታሚዎቹ መቆለፊያም አላመኑም። የተሻለው ድምፅ ከሣጥኑ እንዲወጣ የፈቀዱት በአናሎግ ብቻ ነበር።

ውጤቱ ለገዥው ግራ የሚያጋባ ሆነ። የባለ ብዙ መስመር ኤስኤሲዲ ማድመጥ የፈለገ ሰው በማጫወቻውና በሪሲቨሩ መካከል ስድስት አናሎግ ገመድ መዘርጋት ግድ ሆነበት። ይህን ያልተረዳው ደግሞ እንደ ዲቪዲው በአንዲት የብርሃን ገመድ አገናኝቶ፣ ውዱን ዲስክ ጨምሮ፣ ዲስኩ ላይ በተደረበው የሲዲ ንጣፍ ሲዝናና ኖረ። የሲዲ ንጣፍ የሌለው ዲስክ ከሆነ ደግሞ በዚያ ገመድ በኩል የሚመጣለት ዝምታ ነው።

መፍትሔው የመጣው በኤችዲኤምአይ ነው። የመጀመሪያው ስምምነት የወጣው በታኅሣሥ 2002 ሲሆን በ2004 ዲቪዲ ኦዲዮን፣ በ2005 ኤስኤሲዲን፣ በ2006 ደግሞ የብሉሬይን ያልተቀነሰ ድምፅ እንዲሸከም ተሻሻለ። አሳታሚዎቹ የተስማሙበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በኤችዲኤምአይ ላይ ሁለቱ ዕቃዎች ተለያይተው ተዋውቀው ካልተማመኑ የተቆለፈው ቁጥር አይለቀቅም። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው፣ ቶስሊንክም ሆነ ብርቱካናማው ጃክ ዛሬም የብሉሬይን ሙሉ ድምፅ አይሸከሙም። በእነሱ በኩል የሚደርሰው የተጨመቀው ቅጂ ነው። አሮጌ ሪሲቨር ይዞ አዲስ ማጫወቻ የገዛ ሰው “ልዩነቱ አልተሰማኝም” ቢል ጥፋቱ የጆሮው አይደለም።

በእርግጥ ይህ ሁሉ መሻሻል ሌላ ወጪ አመጣ። የ2004 ሪሲቨር የ2006ን ድምፅ አይፈታም፤ የ2006ቱም በኋላ የመጡትን የምስል ደረጃዎች አያሳልፍም። አናሎግ መግቢያ ግን እርጅና አያውቅም። በ1975 የተሠራ የማራንዝ አምፕሊፋየር የ2017ን ማጫወቻ ያለ አንዳች ጥያቄ ይቀበላል። በአሮጌ ዕቃ ገበያ ደህና የስቴሪዮ አምፕሊፋየር ዋጋውን ይዞ ሲቆይ በጊዜው ሁለት እጥፍ የተሸጠ ሪሲቨር ከጥቂት ዓመት በኋላ ለመሸጥ የሚያዳግተው ለዚሁ ነው።

ሦስት ጊዜ የተለወጠ ድምፅ

ታዲያ ውዱን ማጫወቻ የገዛ ሰው በአናሎግ ገመድ ቢያገናኝ ገንዘቡ ሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው? እዚህ ላይ ብዙ ሻጮች የማይናገሩት ሁለተኛ ወጥመድ አለ። የዛሬ ሪሲቨሮች አብዛኞቹ የክፍሉን የድምፅ ጠባይ በማይክሮፎን ለክተው ያስተካክላሉ፤ ከባዱን ድምፅ ለዉፈሩ ይለያሉ፤ የስፒከሮቹን ርቀት ያስማማሉ። ይህን ሁሉ የሚሠሩት በቁጥር ነው። በአናሎግ የመጣውን ሞገድ ሲቀበሉ መልሰው ወደ ቁጥር ይለውጡታል፤ ካስተካከሉ በኋላ በራሳቸው ዳክ እንደገና ወደ ሞገድ ያወጡታል።

ስለዚህ 1,299 ዶላር የወጣበት ዳክ ያሳመረው ሞገድ ሪሲቨሩ ውስጥ ተፈጭቶ፣ ገዥው ሊያመልጠው በፈለገው በዚያው የሪሲቨር ዳክ በኩል ይወጣል። ለውጡ ሦስት ጊዜ ሆነ፤ ከቁጥር ወደ ሞገድ፣ ከሞገድ ወደ ቁጥር፣ እንደገና ከቁጥር ወደ ሞገድ። ከዚህ የሚያድነው በሪሲቨሩ ላይ ቀጥታ ማለፊያውን መምረጥ ነው፤ በአንዳንዶቹ ላይ “ፒዩር ዳይሬክት” ይባላል። ያኔ ግን የክፍሉ ማስተካከያ ይቀራል። ምንጣፍ በሌለው፣ ግድግዳው ባዶ በሆነና በመስታወት በተሞላ የአፓርታማ ሳሎን ውስጥ ደግሞ ማስተካከያው የሚያመጣው ለውጥ በሁለት ዳኮች መካከል ካለው ልዩነት እጅግ ይበልጣል።

በጥቅሉ ሲታይ ባለ ብዙ ስፒከር ሪሲቨር ላለው ሰው ኤችዲኤምአዩ ይበቃዋል፤ 203 ዓይነቱ ማጫወቻም አይጎዳውም። አናሎጉ የሚያዋጣው የራሱ ዳክ የሌለው ንጹሕ የስቴሪዮ አምፕሊፋየር ላለው ነው። ለእንደዚህ ያለው ገዥ የማጫወቻው አናሎግ መውጫ ብቸኛው በር ስለሆነ በሩ ላይ የሚወጣው ገንዘብ ሥራ ላይ ይውላል።

አንድ ነገር ግን መነሣት አለበት። በኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉት ገመዶች ሁሉ፣ አናሎግም ሆኑ ብርቱካናማው ጃክ ወይም ኤችዲኤምአይ፣ የሁለቱን ዕቃዎች ምድር ያያይዛሉ። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ቤት ውስጥ በስፒከሩ የማያቋርጥ “ምምም” የሚል ድምፅ ይሰማል፤ በተለይ የዲሽ መስመርም ተጨምሮ ሲያያዝ። የብርሃን ገመድ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ ይህን ችግር ከሥሩ ይቆርጠዋል። አርባና ሃምሳ ብር ቆጥቦ ገመድ ከመለዋወጥ ይህን መሞከር ይቀላል።

ጆሮ ምን ይላል?

ሜየርና ሞራን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ2007 በኦዲዮ መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት ላይ ያወጡት ሙከራ ለውድ ዕቃ ሻጮች የማይጥም ነበር። ከኤስኤሲዲና ከዲቪዲ ኦዲዮ ማጫወቻ አናሎግ መውጫ የመጣውን ድምፅ አንድ ጊዜ በቀጥታ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በሲዲ ደረጃ ወደ ቁጥር ለውጦ በሚመልስ መሣሪያ አሳልፈው አሰሙ። አድማጮች የቱ የቱ እንደሆነ እንዲለዩ ተጠየቁ። ከ554 ሙከራዎች በትክክል የተመለሱት 276 ነበሩ። ሳንቲም እየወረወሩ ቢገምቱም ከዚህ የተለየ አይመጣም። ልዩነት የተሰማው ዝም በሚሉ ቦታዎች ላይ ድምፁ ከልክ በላይ ሲከፈት ብቻ ነው። ተቺዎች በሙከራው ከተጠቀሙባቸው ዲስኮች አንዳንዶቹ ከመነሻቸው በከፍተኛ ጥራት ያልተቀዱ ነበሩ ብለው ተከራክረዋል። ክርክሩ መሠረት አለው። ያም ሆኖ ገዥው ቤቱ የሚያጫውተው እነዚያኑ በገበያ ያሉትን ዲስኮች ነው።

ለአዲስ አበባ አድማጭ ነገሩ ይበልጥ ይቀርባል። የፓሪሱ ቡዳ ሙዚክ ከ1997 ጀምሮ በ“ኢትዮጲክስ” ተከታታይ ሲዲዎች ያወጣው ሙዚቃ አብዛኛው በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ፣ እንደ አምሃ ሬከርድስ ባሉ ቤቶች በአናሎግ ቴፕ የተቀረጸ ነው። የዚያ ዘመን ቴፕ የራሱ ጭረትና ሹክሹክታ ከ16 ቢት ሲዲ ዝምታ በላይ ነው። ለእንዲህ ያለው ቅጂ የመጨረሻውን ዳክ መግዛት የጥንት ሹክሹክታን በጥራት ከመስማት አያልፍም።

በሱቅ ውስጥ ሁለቱ መውጫዎች ሲነጻጸሩ ልዩነት መሰማቱ ግን የታወቀ ነው። ምስጢሩ ብዙውን ጊዜ ከፍታ ነው። በአንድ ሪሲቨር ላይ በአናሎግና በዲጂታል መግቢያ የሚገባው አንድ ዘፈን እኩል ጮክ ብሎ አይወጣም። የግማሽ ዴሲቤል ልዩነት እንደ ጩኸት አይታወቅም፤ ሰው የሚለው “ይኸኛው ይጠራል፣ ይህኛው ሞቅ ይላል” ነው። ሻጩ ይህን አውቆም ሆነ ሳያውቅ መሸጥ የፈለገውን ዕቃ በትንሹ ከፍ አድርጎ ቢያሰማ ደንበኛው ኪሱን ይከፍታል። መከላከያው ቀላል ነው። አንድ ወጥ የሙከራ ድምፅ እያጫወቱ በስፒከሩ ማሰሪያ ላይ ያለውን ቮልት በቴስተር መለካትና ሁለቱን እኩል ማድረግ። ይህን የሚፈቅድ ሱቅ የሚተማመንበት ዕቃ አለው።

የዳክ ዋጋ ወዴት ሄደ?

አፕል በ2016 የጆሮ ማዳመጫውን ቀዳዳ ከአይፎን 7 ላይ ሲያነሣ በምትኩ በ9 ዶላር የሚሸጥ አጭር ገመድ አቀረበ። በገመዱ ጫፍ ውስጥ ዳክ አለ። የሲዲን ድምፅ ሳያጎድል ለመለወጥም ይበቃል። በሌላው ጫፍ እንደ ዲሲኤስ ያሉ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ዳክ ይሸጣሉ። በመሐሉ የቻይና አምራቾች ከመቶ እስከ ጥቂት መቶ ዶላር የሚሸጡት ዳክ በመለኪያ መሣሪያ ላይ ውዶቹን ሲያስንቅ ታይቷል። ቺፑ ርካሽ ሆኗል፤ ዛሬ የሚከፈለው ለሣጥኑ፣ ለትራንስፎርመሩ፣ ለእጅ ሥራውና ለስሙ ነው።

ይህም ሆኖ የዓለም የውድ ዳክ ቺፕ አቅርቦት በጥቂት ፋብሪካዎች ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ጥቅምት 20 ቀን 2020 በግልጽ ታየ። ጃፓን ውስጥ ኖቤኦካ የሚገኘው የአሳሂ ካሴይ የቺፕ ፋብሪካ በእሳት ተያያዘ፤ እሳቱም ለቀናት ነደደ። ከርካሽ ሪሲቨር እስከ ውድ ማጫወቻ የዚህ ኩባንያ ቺፕ ይገባባቸው ስለነበር በመጋዘን የቀረው ክምችት በደላሎች እጅ ዋጋው ተሰቀለ። ብዙ አምራቾች ዕቃቸውን እንደገና ነድፈው ወደ ተፎካካሪው ኢኤስኤስ ዞሩ። በአንድ ሞዴል ስም ሁለት ዓይነት ቺፕ የያዙ ዕቃዎች ገበያ ላይ የተገኙት በዚህ ምክንያት ነው።

ኦፖ ዲጂታልስ? በሚያዝያ 2018 አዲስ ምርት ማቆሙን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ 205 በአሮጌ ዕቃ ገበያ ከአዲስ ዋጋው በላይ ሲሸጥ ታይቷል። እዚህ ላይ ደላላውም ገዥውም ሊያስቡበት የሚገባው፣ ያ ጭማሪ የሚከፈለው ለእነዚያው ለቀይና ነጩ ጃኮች መሆኑ ነው። በኤችዲኤምአይ ለሚጠቀም ገዥ 203 ያንኑ ያደርግለታል።

ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጣ ዕቃ ሲገዛ መጀመሪያ የሚነበበው ከጀርባው ያለው የቮልት ጽሑፍ ነው፤ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ዕቃ 220 ላይ ሲሰካ የሚቀድመው ጭሱ ነው። ቀጥሎ የዲስኩ ክልል ይጠየቃል። የአሜሪካ ማጫወቻ ዲቪዲን በክልል 1፣ ብሉሬይን በክልል ኤ ይከፍታል፤ ኢትዮጵያ የተመደበችው ግን በክልል 5 እና በክልል ቢ ነው። ሲዲና ኤስኤሲዲ ክልል የላቸውም። የአሮጌ ሲዲ ማጫወቻ ዳኩ ቢያረጅም ዲጂታል መውጫ ካለው ቁጥሩ ያው ስለሆነ በመቶ ዶላር ዳክ ይታደሳል። የማይታደሰው፣ መለዋወጫውም በቀላሉ የማይገኘው፣ የሌዘር ዓይኑ ነው። ስለዚህ ሻጩ ሳጥኑን ሲያበራ ረጅም ዲስክ ይዞ ሄዶ የመጨረሻውን ዘፈን ማጫወት፣ የሌዘሩን ጉዞ እስከ ዳር መፈተሽና ከጀርባ ባለችው አራት ማዕዘን ቀዳዳ ቀይ ብርሃን መኖሩን ማየት ይገባል።